በጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ሶላር ይሰቀል ወይ?

ጥያቄው፦ «ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሰንዳፋ መስመር ያለ የአንድ አጥቢያ ልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በአፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ክብ የጭቃ ሕንፃ ነው፤ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ከተተካ ቆይቷል። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ አንድ በጎ አድራጊ የሶላር ወጪ ልሸፍን ብለዋል። ባለሙያው መጥቶ 12 ፓነል ጣሪያው ላይ እንደሚያስር፣ በምሥራቅ በኩል ያሉት ሁለት ጽዶች ጥላ ስለሚጥሉ መቆረጥ እንዳለባቸው ነገረን። መሪጌታችን "ታቦት ባለበት ጣሪያ ላይ ብረት አይወጣም" ብለው ተቃወሙ፤ ወጣቶቹ ይህ ኋላ ቀርነት ነው አሉ። ልክ ማን ነው? ሌላም አለ፤ ከበላያችን ባለው ጋራ ላይ የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ተተክሏል። ነገ ተርባይን ቢመጣ ቅርሳችን ምን ይሆናል?»

መሪጌታ ልክ ናቸው ብዬ ልጀምርና ወጣቶቹ እንዳይቀየሙኝ ቶሎ ልጨምር፤ ሶላሩም ይገባል። ችግሩ «ሶላር» እና «ጣሪያ» ተጋብተው መምጣታቸው ነው። ሥራዬ የቅርስ ጥገና ምህንድስና ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ የድሮ መኳንንት ቤትም ላይ ሶላር ሲገባ አማክሬያለሁ። እስካሁን ያየሁት ጠብ ሁሉ የቦታ ጠብ ነው።

በመጀመሪያ 12 የሚለው ቁጥር አልተዋጠልኝም። አሁን ገበያ ላይ ያለው ፓነል ባለ 550 ዋት ነው ብንል 12ቱ 6.6 ኪሎዋት ይሆናሉ። (ከአቃቂ በታች ያለው አባ ሳሙኤል፣ የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ 6.6 ሜጋዋት ነው። ኮሚቴያችሁ የአባ ሳሙኤልን አንድ ሺኛ ሊተክል ነበር።) አንድ አጥቢያ ይህን ሁሉ ምን ያደርገዋል? እስቲ አብረን እንቁጠር። 20 አምፖል፣ እያንዳንዱ 9 ዋት፣ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 900 ዋት-ሰዓት ይበላል። ድምፅ ማጉያው ጀርባው ላይ 500 ዋት ተብሎ ቢጻፍም ሲሠራ በአማካይ 200 ገደማ ነው የሚወስደው፤ ለኪዳን፣ ለቅዳሴና ለማታ ጉባኤ 6 ሰዓት ቢውል 1,200 ነው። ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተርና ፕሪንተር፣ ለሞባይል ቻርጅም ጭምር 400 ልያዝላችሁ። ሁሉም ሲደመር 2.5 ኪሎዋት-ሰዓት ነው።

አሁን ክፉውን ወር፣ ሐምሌን እንውሰድ። ደመናው ጋራው ላይ ተኝቶ በሚውልበት በዚያ ወር ፓነሉ በሙሉ አቅሙ የሚሠራው በቀን 3.5 ሰዓት ያህል ብቻ ነው ብዬ፣ በሽቦው፣ በኢንቨርተሩና በባትሪው የሚባክነውን 30 በመቶ ቀንሼ ሳሰላው፣ ሁለት ፓነል በቀን 2.7 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል። ይበቃችኋል። ለክፉ ቀን ሦስተኛ ጨምሩበት፣ 5 ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ ግዙ፣ አለቀ። የንግሥ ሌሊት ማኅሌቱ እስኪነጋ ሲቆም፣ ድንኳኑም ግቢውም መብራት ሲፈልግ አይበቃም፤ እሱን የመስመሩ መብራት ወይም ያላችሁ ጄኔሬተር ይሸፍነዋል። በዓመት ለሁለትና ሦስት ሌሊት ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ፓነል መትከል የሰው ገንዘብ ማባከን ነው።

እንግዲህ ኮሚቴው እየተከራከረ ያለው ስለ ሦስት ፓነል ነው። ሦስቱ አንድ ላይ 8 ካሬ ሜትር አይሞሉም።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ ባለሙያው «ቀላል ነው» ቢላችሁ ስለ ክብደቱ አልዋሸም። 12ቱ ከነማሰሪያ ብረታቸው 400 ኪሎ ገደማ ቢመዝኑ ነው፤ ጤነኛ ወራጅ ይሸከመዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ነፋሱና ቀዳዳው ነው። ክብ ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ ነገር አይተኛም። ፓነሉ እንዲቀመጥ ከሥሩ በቱቦላሬ መደርደሪያ መበየድ አለበት፤ በመደርደሪያውና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ የጥቅምትና የኅዳር ነፋስ እዚያ ገብቶ ወደ ላይ ያነሳል። ያ ጣሪያ የተሠራው ከላይ የሚጫነውን እንዲሸከም ነው፤ ከሥር የሚያነሳውን እንዲይዝ ማንም አላሰበበትም። እንዳይነሳ ደግሞ ቡሎኑ ቆርቆሮውን በስቶ ከወራጁ ጋር መታሰር አለበት።

ስለ ቡሎን የምናገረው ከራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አጥቢያ ላይ 16 ቡሎን እንዲገባ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ሮንዴላና ጎማ ነበረው፤ ሲሊኮንም ተቀብቷል። ሥራው ሲያልቅ ፎቶ ተነስተን፣ ጠላ ጠጥተን ተለያየን። ጎማው የሁለት በጋ ፀሐይ አልቻለም፤ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ክረምት ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ውኃው ወራጁን ተከትሎ የመቅደሱ ግድግዳ ጫፍ ላይ ወርዷል፤ ከዚያ ሥዕሉ ከተሳለበት ጨርቅ ጀርባ ገብቷል። መሰላል ላይ ወጥቼ ሳይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ክርን ጀምሮ እስከ ነጩ ፈረስ ሆድ ድረስ አንድ ቡናማ መስመር ወርዷል። በጣቴ መታ ሳደርገው ጨርቁ ከጭቃው ተላቆ ኖሮ እንደ ከበሮ ቆዳ ድም አለ። አጠገቤ የቆሙት አረጋዊ ካህን ምንም አልተናገሩም፤ በደንብ እንዳየው ጧፉን ጠጋ አደረጉልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጭቃ ግድግዳ ውኃ ሲነካው ወዲያው አይናገርም። ጭዱና ጭቃው እርጥበቱን ይዘው ይቆያሉ፤ ማገሩ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ የሚታየው ሥዕሉ ሲያብጥ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ እኔም «ብረት አይወጣም» ከሚሉት ወገን ነኝ። መሪጌታ የታቦቱን ክብር አስበው ነው፤ እኔ የወራጁን ጫፍ። የምንደርሰው አንድ ቦታ ነው።

ጽዶቹን አትንኩ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። በደጋው ላይ የቀረው አገር በቀል ጽድ፣ ወይራና ኮሶ በአብዛኛው ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ የዕድሜ ባለጸጋ ጽድ ቆርጦ ለአምፖል ፀሐይ መፈለግ ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ ለባለሙያው መልሳችሁ ጠይቁት።

ታዲያ የት ይሰቀል? እዚህ ላይ የምንኖርበት ምድር ራሱ ያግዘናል። አውሮፓ ውስጥ ሶላር ወደ ደቡብ ካልዞረ ብዙ ይከስራል፤ የደቡቡ ገጽ ደግሞ መንገደኛ የሚያየው የፊት ለፊት ገጽ ከሆነ የቅርስ ሰውና የሶላር ሰው ይጣላሉ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ በቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በስተሰሜን በኩል ነች፤ በቀሩት ወራት በስተደቡብ። ፓነሉን 10 ዲግሪ ብቻ ካዘነበላችሁት ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢዞር የሚጎድለው ጥቂት ነው። ወደ ሰሜን ቢዞር እንኳ የሚጎድለው በበጋ ነው፣ ፀሐይ በተረፈበት ጊዜ፤ በጨነቀን በክረምት ግን ፀሐይዋ ያለችው በዚያው በሰሜን በኩል ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ግን አታውርዱት፤ ዝናቡ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ እንዲወርድ ተዳፋት ያስፈልገዋል። በአጭሩ አቅጣጫ የመምረጥ ነፃነት አለን። ይህን ነፃነት ፓነሉን ለመደበቅ ተጠቀሙበት።

የምመክረው የሰንበቴ ቤቱን ወይም አዲሱን የብሎኬት ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ነው። ከ20 ዓመት ወዲህ በብሎኬት የተሠራ ሕንፃ ቢበሳ ማንም አያለቅስም። የትኛውም ቢሆን በጽዶቹ ጥላ ውስጥ አለመሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ፦ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ በኖራ ምልክት አድርጉ። ቤተልሔሙ ላይ አይሁን፣ ጭስ ፓነሉን ያጠቁረዋል። ደጀ ሰላሙ ላይም አይሁን፤ እዚያ ላይ ያለኝ ምክንያት ሌላ ነው።

የውጭ አገር መመሪያዎች ስለ እይታ ብዙ ይጽፋሉ፤ በየኮረብታው ካሜራ ተክሎ የሚታየውን መመዝገብ ነው። እኛ ካሜራ ሳንተክል የሚነግሩን ሰዎች አሉ። ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው፣ እንጨት ተሸክማ የምትመለስ እናት፣ ጉልላቱ መጀመሪያ ብቅ የሚልበት ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው ተሳልመው ያልፋሉ። ያ ቦታ በየአጥቢያው አለ፤ አንዳንዱ ጋ ድንጋይ አለው፣ አንዳንዱ ጋ የወንዝ መሻገሪያ ነው። የእኔ መለኪያ ይኸው ነው፦ ሰው ከሚሳለምበት ቦታ ሲታይ ከጉልላቱ ጋር በአንድ ዓይን የሚገባ አዲስ ነገር መኖር የለበትም። ፓነል መስታወት ነው፤ ጠዋት ላይ ያብለጨልጫል። እማማ ወደ ጉልላቱ ሊሰግዱ ቀና ሲሉ ዓይናቸውን የሚወጋው የሶላር ነጸብራቅ ከሆነ፣ ሕጉ ቢፈቅደውም እኔ አልፈርምለትም። ደጀ ሰላም በዚህ መስመር ላይ ስለሚቆም ነው አይሁን ያልኩት።

ከጣሪያው ይልቅ ብዙ ጥፋት የማየው ግን ከሥሩ ነው። ባትሪውን ዕቃ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል፤ ቁልፍ ስላለው። ዕቃ ቤት ውስጥ ያለው ግን ብራናው፣ መስቀሉ፣ አልባሳቱ፣ ጥላው ነው። ባትሪ እሳት ካስነሳ የሚቃጠለው የአጥቢያው ታሪክ በሙሉ ነው፤ አሲድ ያለበት አሮጌው ዓይነት ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሳይቃጠልም የሚወጣው ጋዝ ለብረቱም ለጨርቁም አይበጅም። የብሎኬት ክፍል፣ የብረት በር፣ አየር ማስገቢያ፤ ይህ ካልተገኘ ከግቢው ጥግ ትንሽ የብሎኬት ቤት ሥሩለት።

ከሰንበቴ ቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄደውን ሽቦ ዝም ብላችሁ አትቅበሩ። ግቢው መቃብር ነው፤ ምልክታቸው የጠፋ መቃብሮችም አሉበት። አጥሩን ተከትሎ በቱቦ ይሂድ፤ የግድ መቆፈር ካለበትም ዘወትር በሚረገጠው መንገድ ላይ፣ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ በቆሙበት በእጅ ይቆፈር። ሕንፃው ውስጥ ሲገባ ሽቦው ሥዕል ያለበትን ግድግዳ አይንካ፤ በምሰሶዎቹ ላይ፣ ሳይበሳ፣ በማሰሪያ ይታሰር። አሮጌውን የመብራት መስመር አብራችሁ ንቀሉት። ልባሱ የተላጠ ሽቦ ደረቅ ማገር ላይ ተኝቶ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና፣ ከሶላሩ በፊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

የአምፖሉንም ነገር አስቡበት። ጨርቅ ላይ የተሳለ ሥዕል ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በላይ ብርሃን ባያገኝ ይመረጣል፤ ይህ ደብዘዝ ያለ፣ ግን ሥዕሉን በደንብ የሚያሳይ ብርሃን ነው። ነጭ፣ ኃይለኛ ፓውዛ ሥዕሉ ላይ አነጣጥሮ መትከል አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል። ሞቅ ያለ ቀለም ያለው ኤልኢዲ ከላይ ወደ ወለሉ እንዲያበራ አድርጉት፤ ካህናቱ ለንባብ የሚፈልጉት ብርሃን አትሮንሱ ላይ እንጂ ግድግዳው ላይ አይደለም። የመብረቅ መከላከያና ግራውንዲንግም ከውሉ ውስጥ ይካተት፤ ሰንዳፋ ላይ የሐምሌን ነጎድጓድ ለእናንተ አልነግርም።

ፈቃድን በተመለከተ፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ሰንበቴ ቤቱ ላይ ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ያም ቢሆን ሽቦው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስለሚገባ ለወረዳው ቤተ ክህነትና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ ግልባጩ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሁን። መልሱ ሊዘገይ ይችላል። እስኪመጣ ሰንበቴ ቤቱ ብቻ ይብራ።

ወጣቶቹ «ዓለም ወደ ታዳሽ ኃይል እየሄደ እኛ ስለ ቆርቆሮ እናወራለን» ቢሉ አይገርመኝም። ሐሳባቸው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይታወቅ። በመስመር የሚመጣልን መብራት አብዛኛው የውኃ ኃይል ነው፤ ሲጠፋ ነው ችግሩ። ስለዚህ የእናንተ ሶላር የሚተካው የድንጋይ ከሰል ማመንጫን ሳይሆን በናፍጣ የሚጮኸውን ጄኔሬተር ነው። ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ጭሱም ጩኸቱም ለቅዳሴ አይመችም። ግን ለሦስት ፓነል ሲባል የመቶ ዓመት ጣሪያ መብሳት ግድ ነው የሚያሰኝ አይደለም። «ጊዜያዊ ነው፣ በኋላ ይነሳል» ለሚለው ቃልም አትሸነፉ። ላሊበላ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ እንዲከልሉ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁት መጠለያዎች ጊዜያዊ ተብለው ነው የቆሙት፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሥጋት እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

ወደ ጋራው ልሂድ። መለኪያ ምሰሶ ማለት ተርባይን ማለት አይደለም። የነፋሱን ፍጥነት ቢያንስ አንድ ዓመት ለክተው፣ አይበቃም ብለው ነቅለው የሚሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢመጣ ግን ምን እንደሚመስል አዳማን አይታችኋል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 34 ተርባይን 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን 153 ሜጋዋት። ከመንገድ ስታዩት ዓይናችሁ የሚያርፈው ክንፉ ላይ ነው። እኔ ክንፉን ብዙ አልፈራውም፤ ከ20 እና 25 ዓመት በኋላ ያረጃል፣ ይፈታል፣ ይሄዳል። የማይመለሰው መሬት ውስጥ የሚሆነው ነው፦ ለእያንዳንዱ ተርባይን ስፋቱ ከ15 ሜትር የሚበልጥ ጉድጓድ፣ ክንፉን የጫነ ረጅም መኪና እንዲታጠፍበት የሚደለደል መንገድ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ የኬብል ቦይ። የሸዋ መሬት ደግሞ ባዶ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ አዋሽ ዳር ያለውን፣ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የሚገኝበትን መልካ ቁንጡሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ሄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ እንጂ አርኪዮሎጂስት አልነበረም። ለሌላ ሥራ ሄዶ መሬቱን ልብ ብሎ አየው፤ ቦታው ከአጠገቡ ካለው ባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እዚያው አልፎ ያለው የትክል ድንጋዮቹ ስፍራ ጢያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የተመዘገበ ነው። ያ ሰው ድንጋዩን ረግጦ ቢያልፍ ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በአዋጅ 209 አንቀጽ 41 መሠረት ለግንባታም ሆነ ለመንገድ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ባለበት መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ናት የምታሳስበኝ፤ ስድስት ወር ቶሎ ያልፋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲገመገም፣ የአካባቢው ሕዝብም አስተያየት እንዲሰጥ ያዛል። አስተያየት ሲባል አብዛኛው ሰው አዳራሽ ሄዶ «ቅርሳችን ይጠበቅ» ብሎ ይቀመጣል። ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል፣ ካርታ ላይ ግን አይገባም።

ስለዚህ ካርታውን እናንተ አስቀድማችሁ ሥሩ። ወጣቶቹ ጥሩ ስልክ አላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ቦታውን ያውቃሉ። አብረው ጋራውን ይውጡና የድሮ መቃብር፣ የቆመ ድንጋይ፣ የፈረሰ ካብ፣ ጸበል፣ ታቦት ለጥምቀት የሚወርድበት መንገድ፣ የጥንት ሰው መሣሪያ ይሠራበት የነበረው ጥቁር የባልጩት ስባሪ በብዛት የሚታይበት መሬት፣ ሁሉንም እያንዳንዱን ከነመገኛ ነጥቡ ይመዝግቡ። ስባሪውን ግን አታንሱ፤ ካለበት ከተነሳ ታሪኩ ይጠፋል። መዝገቡን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገቡ፣ ማህተም ያለበት ቅጂ አስቀሩ። ተርባይን ወረቀት ላይ እያለ 200 ሜትር ለማንቀሳቀስ እርሳስ ይበቃል፤ ፌሮው ታስሮ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። ድርጅቱ ሲመጣም አንድ ተጨማሪ ነገር ጠይቁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ የሚቆም ተርባይን ካለ የክንፉ ጥላ በየወሩ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት የት እንደሚያርፍ አስልተው ያሳዩ። በኪዳን ሰዓት ቅጥሩ ውስጥ እየተመላለሰ ብልጭ ድርግም የሚል ጥላ ማንም አይፈልግም፤ ስሌቱም ለእነሱ ቀላል ነው።

ለጊዜው ከእርስዎ የምፈልገው ሦስት ፎቶ ነው፦ አንዱ የሰንበቴ ቤቱ ጣሪያ፣ ሁለተኛው የዕቃ ቤቱ በርና አካባቢው፣ ሦስተኛው ሰው ቆሞ ከሚሳለምበት ቦታ ወደ ጉልላቱ የተነሳ። ሦስተኛውን የት ቆመው እንደሚያነሱ ካልተስማማችሁ መሪጌታን ይጠይቋቸው።